ሹልትዝን የሚጣራው ኮሎኔል፦ ስለ ሲግ ሩማን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በ1942 የወጣውን ‹ቱ ቢ ኦር ኖት ቱ ቢ› የተባለውን የአሜሪካ ፊልም አየሁ። የጌስታፖውን (የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ) ኮሎኔል የሚጫወተው ግዙፍ ሰው ሆዴን እስኪያመኝ አሳቀኝ። በሳምንቱ ደግሞ በማርክስ ወንድማማቾች ፊልም ላይ ጺሙን አንጨብርሮ አገኘሁት። ይህ ሰው ማን ነው? ጀርመናዊ ከሆነ ከሂትለር ሸሽቶ የመጣ ነው? ናዚ ሆኖ ለመጫወትስ እንዴት ሆዱ ቻለ? እንዲህ የሚችል ሰው መሪ ተዋናይ ያልሆነውስ ለምንድን ነው?»

ሰውየው ሲግ ሩማን ይባላል። ሙሉ ስሙ ዚግፍሪድ ካርል አልባን ሩማን ነው፤ ኦክቶበር 11 ቀን 1884 ሃምቡርግ ተወለደ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ፊልሞቹን ሲፈልጉ ስሙ ሊያሳስትዎ ይችላል። በ1935 በተሠራው የማርክስ ወንድማማቾች (የአሜሪካ ኮሜዲያን ናቸው) ፊልም ላይ «ዚግፍሪድ» ተብሎ ተጽፏል፤ ኋላ «ሲግ» ሆኖ አጠረ፤ የአባቱ ስምም በመጨረሻው ላይ ከነበሩት ሁለት ተመሳሳይ ፊደላት አንዱን ጥሎ ቀጠለ። ሰውየው ግን ያው አንዱ ነው።

ከሂትለር ሸሽቶ ነው የመጣው ለሚለው መልሱ አይደለም ነው። ይህን አስረግጬ የምናገረው ያን ዘመን የሚተርኩ ሰዎች በጀርመንኛ ቅላጼ የሚናገረውን የሆሊውድ ተዋናይ ሁሉ በአንድ ጆንያ ስደተኛ ብለው ስለሚከቱት ነው። ሩማን አሜሪካ የገባው በ1924 ነው። በዚያ ዓመት ሂትለር ከከሸፈው የሙኒክ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ላንድስበርግ እስር ቤት ነበር፤ ሥልጣን ለመያዝ ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል። ሩማን መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሮ ነበር፤ ወደ መድረክ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በጀርመን ንጉሠ ነገሥት ጦር ውስጥ አገልግሏል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ ይበሉልኝ። በኋላ ፊልም ላይ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሲሰጥ ያንን እንቅስቃሴ ያስተማረው የፊልም አሠልጣኝ አልነበረም።

ኒውዮርክ እንደደረሰ መጀመሪያ በጀርመንኛ ቋንቋ በሚሠሩ ቲያትሮች ላይ ታየ። ከዚያ የብሮድዌይ፣ ማለትም የከተማዋ ትልቁ የቲያትር ሰፈር፣ ሰዎች ዓይን ገባ። ጸሐፌ ተውኔቱ ጆርጅ ካውፍማንና ሃያሲው አሌክሳንደር ዉልኮት ወደዱት። በ1930 «ግራንድ ሆቴል» የተባለው ቴአትር ብሮድዌይ ላይ ሲቀርብ ፕራይዚንግ የተባለውን የፋብሪካ ዋና ዳይሬክተር ተጫወተ። ይህ ትንሽ ቦታ አይደለም፤ ከታሪኩ ዋና ዋና ሰዎች አንዱ ነው። ከዚያ ኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ቴአትሩን ወደ ፊልም ለወጠው፤ ፊልሙ በ1932 ወጣ፤ ግሬታ ጋርቦ፣ ጆን ባሪሞር፣ ጆአን ክሮፎርድ ተሰልፈውበት ለምርጥ ፊልም ኦስካር በላ። ፕራይዚንግን የተጫወተው ግን ዋላስ ቢሪ ነበር። ቢሪ የአሜሪካዋ የሚዙሪ ልጅ ሆኖ የጀርመኑን የፋብሪካ ዳይሬክተር ተጫወተ፤ ጀርመናዊው ሩማን ውጭ ቀረ። ምክንያቱ ምስጢር የለውም። በዚያን ጊዜ ትኬት የሚሸጠው ስም ነበር፤ የቢሪን ስም ደግሞ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እርስዎ በመጨረሻ የጠየቁት ጥያቄ ከሞላ ጎደል መልሱ እዚህች ላይ አለ፤ ተመልሼ እመጣበታለሁ።

ካውፍማን ወዳጁን አልረሳም ማለት ይቻላል፤ በ1935 የወጣውን «ኤ ናይት አት ዘ ኦፔራ» ከጻፉት አንዱ እሱ ነው። ሩማን እዚያ ሄርማን ጎትሊብ የተባለ የኒውዮርክ ኦፔራ ኃላፊ ነው። አንዲት ቅጽበት ብቻ ልንገርዎ። ጎትሊብ ሀብታሟን ወይዘሮ ክሌይፑልን ይተዋወቃል፤ በአውሮፓ ደንብ ጎንበስ ብሎ እጇን ይስማል። ከማርክስ ወንድማማቾች አንዱ የሆነው ግሩቾ ወዲያው እጇን ይቀበልና ጣቶቿን አንድ በአንድ ይመረምራል፤ ቀለበቶቿ በቦታቸው መኖራቸውን ለማረጋገጥ ነው! እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው ግሩቾን ነው። እባክዎ እንደገና ሲያዩት ሩማንን ይዩ። እጅ አሳሳሙ ውስጥ አንዲት የቀልድ ፍንጭ የለችም። ጎንበስ ሲል ከልቡ ነው፤ ቀና ሲል ክብሩ ከነሙሉ ልብሱ ነው። ያ ክብር ባይኖር የግሩቾ ቀልድ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ብዙ ጀማሪ ኮሜዲያን ይህን አያውቁም፤ የቀልደኛው ተጣማሪም አብሮ ለማሳቅ ይታገላል፤ ሁለት ሰው በአንድ ወንበር ለመቀመጥ እንደመጋፋት ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ «ኤ ዴይ አት ዘ ሬሲስ» ላይ ከቪየና የመጣ ታላቅ ሐኪም ሆኖ ተመለሰ፤ ዶክተር ሽታይንበርግ። ግሩቾ በዚህ ፊልም ሐኪም መስሎ የገባ የፈረስ ሐኪም ነው። ሽታይንበርግ በሽተኛዋን ሊመረምር ሲመጣ ሦስቱ ወንድማማቾች እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ይጨርሱና እንደገና ይታጠባሉ፤ ክፍሉ ይታመሳል፤ በመጨረሻ ከጣሪያው ውኃ ይዘንባል። ጺሙን እንዳይደግንበት፣ ሊተኮስ እንደሚችል ግሩቾ የሚያስጠነቅቀውም እዚሁ ነው። እርስዎ ያዩት ይህኛውን ይመስለኛል። በ1946 «ኤ ናይት ኢን ካዛብላንካ» ላይ ደግሞ ስሙን ቀይሮ ሆቴል ውስጥ የተሸሸገ ናዚ ነው፤ የራሱ ላይ ጠባሳ እንዳያጋልጠው ሰው ሠራሽ ፀጉር ያደርጋል፤ አሽከሩ ሃርፖ (ከወንድማማቾቹ ሌላው) ያንን ፀጉር በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ይመጥበታል። ናዚው ፀጉር ስለሌለው ከክፍሉ መውጣት አይችልም። እኔ ሦስተኛውን ፊልም ከሦስቱ ደካማው ነው ከሚሉት ነኝ፤ ሩማን ፀጉሩን ሲፈልግ ግን ሁልጊዜም እስቃለሁ።

አሁን ወደ ኮሎኔል ኤርሃርት እንምጣ።

«ቱ ቢ ኦር ኖት ቱ ቢ» ስሙን የወሰደው ከሐምሌት ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሰው ከዚያው ተውኔት። ዳይሬክተሩ ኤርንስት ሉቢትሽ የበርሊን ተወላጅና አይሁዳዊ ነበር፤ ወደ አሜሪካ የመጣው እንደ ሩማን በ1920ዎቹ ነው። ታሪኩ በናዚ በተያዘችው ዋርሶ ውስጥ ስላሉ የቲያትር ሰዎች ነው። መሪ ተዋናዩ ዮሴፍ ቱራ (ጃክ ቤኒ) አንድ የናዚ ሰላይ ለማታለል ሲል ኮሎኔል ኤርሃርትን ሆኖ ይጫወታል። የሚለው ነገር ሲያልቅበት አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ይንጠለጠላል፦ «የማጎሪያ ካምፑ ኤርሃርት ይሉኛል ማለት ነው?» ይልና በኩራት ይስቃል። ዝም ይላል፤ እንደገና ያንኑ ይላል፤ እንደገና ይስቃል። እኛ መጥፎ ተዋናይ ነው ብለን እንፈርዳለን። እንዲህ ያለ መኮንን የት አለ?

ትንሽ ቆይቶ ቱራ ሰላዩን መስሎ ከእውነተኛው ኤርሃርት ፊት ይቀርባል። ሩማን ነው። ቱራ ያችን ቅጽል ስም ይነግረዋል። ሩማን ፊቱ ይበራል፤ «የማጎሪያ ካምፑ ኤርሃርት ይሉኛል ማለት ነው?» ይላል፤ በዚያው ኩራት፣ በዚያው ሳቅ። ቱራ እንዲህ እንደሚል ገምቶ እንደነበር ይመልሳል። ይህን ቀልድ የጻፉት ሰዎች ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን ሩማን አንድ ፀጉር ያህል ቢያጋንን ኖሮ ሁሉም ነገር ይፈርስ ነበር። ምክንያቱም ቀልዱ የሚሠራው እውነተኛው ሰው ከአስመሳዩ ጋር ልክ ለልክ ሲገጥም ነው። አስመሳዩ እያጋነነ መስሎን ነበር፤ ለካስ ሰውየው እንደዚያ ነው። ይህ የትወና ልክ የሚባለው ነገር ነው፤ በቴፕ መለኪያ አይለካም።

ኤርሃርት ጨካኝ ነው፤ ሰው ያስገድላል። ፊልሙ ይህን አይደብቅም። የሚያስቀው ፍርሃቱ ነው። ትእዛዙ የራሱ ሆኖ ሳለ ነገር በተበላሸ ቁጥር ጥፋቱ ወደ ረዳቱ ወደ ሻምበል ሹልትዝ ይዞራል፤ «ሹልትዝ!» የሚለው ጩኸት ሕንፃውን ያናውጠዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ የኛ ሰዎች፤ አህያው በርሊን ተቀምጧል፤ ዳውላው ሹልትዝ ነው። ስለ ሂትለር የሚወራ ቀልድ ያወራና እንግዳው ሳይስቅ ሲቀር የሩማን ፊት ከሳቅ ወደ ፍርሃት ሲዞር ይመልከቱ፤ ጉንጮቹ በሳቁ ቦታ ቆመው ዓይኖቹ ብቻ ይሸሻሉ። ሌላ ቦታ ደግሞ የእውነተኛው ሰላይ ሬሳ ይገኛል፤ ኤርሃርት ከሁለቱ አስመሳዩ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሟቹን ጺም ይስብና ጺሙ በእጁ ላይ ይቀራል። ቱራ የሬሳውን ጺም ላጭቶ ሰው ሠራሽ ጺም በመለጠፍ ተንኮሉን አስቀድሞ ጎንጉኖታልና የሚዋረደው ኤርሃርት ይሆናል። ኮሎኔሉ ጺም በእጁ ይዞ ይቅርታ ሲጠይቅ ምን ያህል ትንሽ እንደሚሆን! ያ ግዙፍ አካል አየሩ እንደተነፈሰ ኳስ ይሟሽሻል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን መጨረሻ ላይ የምትመጣው ናት። ኤርሃርት የሂትለርን ወዳጅ የተዳፈረ ይመስለዋል፤ መጨረሻው እንደደረሰ ያምናል፤ በሩ ይዘጋል። ካሜራው እውጭ ነው። የሽጉጥ ድምፅ እንሰማለን። ራሱን አጠፋ ስንል ከበሩ ጀርባ ያ ድምፅ እንደገና ያስተጋባል፦ «ሹልትዝ!» ፊቱ አይታይም፤ አካሉ አይታይም፤ አንዲት ቃል ብቻ። ራሱን ሲገድል እንኳ ለስሕተቱ ተጠያቂ ሰው ይፈልጋል። በድምፅ ብቻ ሙሉ ገጸ ባሕርይ መሸከም የሚችል ተዋናይ ካላገኙ እንዲህ ያለ ትዕይንት አይጻፍም።

እንዴት ሆዱ ቻለ ላሉት ነገሩ ይህ ነው። ከ1939 ወዲህ ስቱዲዮዎቹ ፀረ ናዚ ፊልም መሥራት ሲጀምሩ ጀርመንኛ ቅላጼ ያለው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፤ ያ ቅላጼ ያላቸው ደግሞ አብዛኞቹ ናዚን ከማንም በላይ የሚጠሉ ሰዎች ነበሩ። በሌላው ፊልም፣ በ«ካዛብላንካ»፣ ናዚውን ሜጀር ሽትራሰርን የተጫወተው ኮንራድ ፋይት በርሊን ተወልዶ፣ ሚስቱ አይሁዳዊት ስለሆነች በ1933 አገሩን ጥሎ የወጣ ነው። ፋይት ናዚን የሚያስፈራ አድርጎ ሠራው፤ ሩማን ደግሞ የሚያሳፍር አድርጎ። የትኛው የበለጠ ይጎዳል ብትሉኝ ለጌስታፖ ሰው መሣቂያ መሆን ይከብደዋል ባይ ነኝ። በጊዜው ግን ሁሉም እንዲህ አላሰበም። ኤርሃርት ቱራን ማሞገስ ትቶ፣ ሰውየው በሼክስፒር ላይ ያደረገውን እኛ አሁን በፖላንድ ላይ እያደረግን ነው የሚልበት ንግግር አለ። ዋርሶ በወረራ ሥር እያለች፣ ፊልሙ ሲወጣ ዋናዋ ተዋናይት ካሮል ሎምባርድ በጃንዋሪ 1942 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተች ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ይህ ንግግር ብዙ ሰው አስቆጣ። ሉቢትሽ አላወጣውም። እኔም አላወጣውም ነበር። ያ ቃል ስለ ፖላንድ ሳይሆን ስለ ተናጋሪው ነው የሚናገረው፤ ሩማንም በቀልደኛ ድምፅ ሳይሆን ከምሳ በኋላ እንደሚያወራ የቢሮ ሰው ዘና ብሎ ነው የሚለው። የሚቀፍፈው እሱ ነው።

ከዚያ በፊት፣ በ1939፣ ከዚሁ ሉቢትሽ ጋር «ኒኖችካ»ን ሠርቷል። እዚያ ናዚ ሳይሆን የሶቪየት መልእክተኛ ነው፤ ኢራኖፍ። ሦስት ጓዶች ጌጣጌጥ ሊሸጡ ፓሪስ ይመጣሉ፤ ቅንጡው ሆቴል ውስጥ ለማረፍ ኅሊናቸውን ሲያግባቡ ፊልሙ ይጀምራል። ሁለቱ ባልደረቦቹ ፌሊክስ ብሬሳርትና አሌክሳንደር ግራናህ ናቸው፤ እርስዎ የጠየቁት ዓይነት ስደተኞች እነዚህ ናቸው፤ ሁለቱም አይሁድ ነበሩ፤ ሁለቱም ሂትለር ሲመጣ ከጀርመን ወጡ። የግራናህ ታሪክ ደግሞ ለብቻው ያስገርማል፦ ከናዚ ሸሽቶ ሶቪየት ኅብረት ገባ፤ እዚያም ታሰረ፤ ወጥቶ አሜሪካ ደረሰና የሶቪየት መልእክተኛ ሆኖ አሳቀን። ብሬሳርትንም በ«ቱ ቢ ኦር ኖት ቱ ቢ» ያገኙታል፤ የሼክስፒሩን ሻይሎክን ለመጫወት ዕድሜውን ሙሉ የሚመኘው ጦር ተሸካሚ (መድረክ ላይ ጦር ይዞ ከመቆም ሌላ እምብዛም የማይሰጠው) ተዋናይ እሱ ነው። ከዚያ ኤርሃርትና ከዚያ ጦር ተሸካሚ ጀርባ ከጥቂት ዓመታት በፊት አብረው ፓሪስ የገቡት ጓዶች እንዳሉ ማወቅ ፊልሙን ሌላ ያደርገዋል።

ከ«ኒኖችካ» ጸሐፊዎች አንዱ ቢሊ ዋይልደር ነበር። ዋይልደር ዳይሬክተር ከሆነ በኋላ ሩማንን አልተወውም። በ1953 በወጣው «ስታላግ 17» ላይ የአሜሪካ አየር ኃይል ምርኮኞች የታሰሩበት ካምፕ ጠባቂ አደረገው። የጠባቂው ስም ማን ይመስልዎታል? ሹልትዝ! ያኔ ሹልትዝን ሲጣራ የነበረው ሰው አሁን ራሱ ሹልትዝ ሆኖ መጣ። ታስቦበት ይሁን ሳይታሰብ፣ ሉቢትሽን እንደ መምህሩ የሚያይ ዋይልደር ነውና ፈገግ ያሰኛል። ይህ ሹልትዝ ከምርኮኞቹ ጋር ይቀልዳል፤ አጎት ይመስላል፤ እያሳሳቀ ይገባና ይወጣል። ነገር ግን በሰፈሩ ውስጥ ያለው ሰላይ መልእክት የሚያስቀምጥበት ውስጡ ባዶ የሆነ የቼዝ ቁራጭ አለ፤ ከላይ የተንጠለጠለው አምፖል ሽቦ ሲቋጠር ምልክት ነው። ማንም በሌለበት ሹልትዝ ቁራጯን ይቀይርና ቋጠሮውን ይፈታዋል። በዚያች ደቂቃ ፊቱ ላይ ያ ሁሉ ሳቅ የለም። ኮሜዲያን ነው ብለው ለሚያልፉት ሰዎች ሁልጊዜ የማሳየው ይህን ነው።

መሪ ተዋናይ ስላለመሆኑ ያነሡትን በተመለከተ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና አጠያየቁ ራሱ ትንሽ ይቆረቁረኛል። ደጋፊ ተዋናይ መሪ ለመሆን ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው አይደለም። በስቱዲዮዎቹ ዘመን ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። መሪው ተዋናይ በዓመት ሁለት ሦስት ፊልም ሲሠራ እንደ ሩማን ያለው ከዚያ በላይ ይሠራል፤ በ1939 ብቻ «ኒኖችካ» ላይ፣ «ኦንሊ ኤንጅልስ ሃቭ ዊንግስ» ላይ፣ «ኮንፌሽንስ ኦቭ ኤ ናዚ ስፓይ» ላይ ታይቷል፤ ሦስቱም የተለያዩ ስቱዲዮዎች ሥራ ናቸው። በጠቅላላው ከመቶ በላይ ፊልም ሠርቷል። ፊልሙ ውስጥ የሚቆየው አሥር ደቂቃ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ተመልካቹ ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ለማስተዋወቅ ጊዜ የለም። ጺሙ፣ ደረቱ፣ የሚያጉረመርመው ድምፁ ያን ሥራ ይሠሩለታል። ዋጋም አስከፍሎታል፤ የቪየና ሐኪም፣ የበርሊን መኮንን፣ የሞስኮ ጓድ ከመሆን ውጭ ሌላ የሚሰጠው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከፕራይዚንግ ዓይነቱ ሙሉ ሰው ጋር ሲተያይ ይህ ያሳዝናል። ለኦስካርም አልታጨም።

በ1950ዎቹ ጤናው ይደክም ጀመር፤ መሥራቱን ግን አላቆመም። በ1966 ዋይልደር ለመጨረሻ ጊዜ ጠራው። በ«ዘ ፎርቹን ኩኪ» አንድ ሰው ሽባ ነኝ ብሎ ኢንሹራንስ ሊያጭበረብር ይሞክራል፤ ሐኪሞች በማሽን ይመረምሩታል። ከእነሱ አንዱ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሩማን ነው፤ ፕሮፌሰር ዊንተርሃልተር። ማሽን አያምንም። ድሮ ሽባ ነኝ የሚለውን ሰው የእባብ ጉድጓድ ውስጥ እንጥለው ነበር ይላል፤ ተንጠላጥሎ ከወጣ ውሸታም ነው። ካልወጣስ? አንድ በሽተኛ አጣን፤ አንድ እውነተኛ ሰው ግን አገኘን! ይህን ሲል ሠላሳ ዓመት ቀድሞ የወይዘሮ ክሌይፑልን እጅ ከሳመበት ክብር አንዲት ጎዶሎ የለውም። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1967 ጁሊያን በምትባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ በልብ ሕመም ሞተ፤ 82 ዓመቱ ነበር።

ቀጥሎ የትኛውን ልይ ካሉኝ «ኦንሊ ኤንጅልስ ሃቭ ዊንግስ»ን ይዩ። እዚያ ደች የሚሉት የትንሽ አየር መንገድና የመጠጥ ቤት ባለቤት ነው፤ አብራሪዎቹ በጭጋግ ውስጥ በተራራ መካከል ይበራሉ፤ አንዳንዶቹ አይመለሱም። ሌሎቹ ሐዘናቸውን ዋጥ አድርገው ይጠጣሉ። ደች ግን አይችልበትም፤ ልቡ ፊቱ ላይ ነው። እዚያ አይጮኽም፤ ሹልትዝም የለም።